ኅሩይ ቶኪዮ በገቡ ሰሞን

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚገባውን አባዱላ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ለጃፓን ክፉ አይመኝም። መኪናው ይንገጫገጫል፣ የደጋው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፣ ከኋላ በግ ይጮኻል፤ ግን ይደርሳል። ሾፌሮቻችን ቶዮታን የሚያወድሱት እንደ ሥጋ ዘመድ ነው። እኔም ቦረና ላይ ሳድግ ጃፓን ማለት የማይበላሽ ነገር የሚሠራ አገር ማለት ነበር፤ ሌላ ምንም አላውቅም።

ኢኮኖሚክስ ስማር ግን ሌላ ጃፓን ገጠመኝ። የቶኪዮ አክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ኒኬይ እ.ኤ.አ. በ1989 የመጨረሻ ሳምንት 38,915 ነጥብ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወደቀ። ያንን ቁጥር መልሶ ያለፈው በፈረንጆቹ የካቲት 2024 ነው። 34 ዓመት! እኔ ሳልወለድ የወደቀ ነገር እኔ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ተነሳ ማለት ነው። ፖለቲካውም ግራ ያጋባል። ሊበራል ዴሞክራቲክ የሚባለው ፓርቲ ከ1955 ጀምሮ አገሪቱን ሲገዛ ከሥልጣን የወረደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ በ1993 እና በ2009። ያም ሆኖ ከ2006 መገባደጃ እስከ 2012 መገባደጃ ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ስድስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራርቀዋል። ሰው ይቀያየራል፣ ኢኮኖሚው ግን ባለበት ይረግጣል።

ይህን ሁሉ ስማር ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመችው ያኔ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ከዚያ 60 ዓመት ቀድሞም ፓርቲዎቿ እየተናቆሩ፣ ገበያዋ እየሞተ፣ መሪዎቿ እየተገደሉ የነበረበት ጊዜ አለ። የገረመኝ ደግሞ በዚያ ሰሞን እዚያው ቶኪዮ ውስጥ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት፣ ካባቸውን ለብሰው የቆሙ አንድ የኛ ሰው መኖራቸው ነው። አገራቸውም ከኛ ደጋ ብዙ አይርቅም። በስተደቡብ ወንጪትን ከተሻገራችሁ በኋላ ያለው መርሐ ቤቴ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ።

ስማቸውን ሁላችንም በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሰምተናል። የደራሲ ስም ዝርዝር ሲጠራ ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ቀጥሎ የሚመጡት እሳቸው ናቸው፤ ፈተና ላይ ይወጣል፣ እናከብበዋለን፣ እንረሳዋለን። (ለጃፓኑ ጉዳይ እ.ኤ.አ. እላለሁ፤ ለኅሩይ ሕይወት የኛን ዘመን አቆጣጠር እጠቀማለሁ። አትደናገሩ።)

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ገብረ መስቀል ነው። ኅሩይ ማለት በግእዝ የተመረጠ ማለት ሲሆን፣ ሰውየው ስሙን ያላሳፈሩ ሆነው ነው የኖሩት። ዘመናዊ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚባል ነገርም አልነበረም። የተማሩት በእንጦጦ ራጉኤል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ጸሐፊ ሆኑ። ዛሬ ጸሐፊ ስንል ኮምፒውተር ፊት የምትቀመጥ ልጅ ትታየናለች፤ በምኒልክ ዘመን ግን መጻፍ የሚችል ሰው ወደ ሥልጣን የሚያስገባው በር ላይ የቆመ ሰው ነው። ጦር ሳይዙ፣ ርስት ሳይቆጥሩ፣ በብዕር ብቻ ወደ ላይ ከወጡት ጥቂቶች አንዱ እሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ካሳተሟቸው ነገሮች አንዱ ደስ ይለኛል። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ቆጥረው ዝርዝራቸውን አወጡ። አስቡት፣ ሰውየው መጽሐፍ ከመጻፋቸው በፊት አገሩ ምን ያህል መጽሐፍ እንዳለው ለማወቅ ፈለጉ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ለዚህ ዓይነት ሰው ደካማ ነው፤ ከመናገሩ በፊት ክምችቱን የሚቆጥር ሰው!

ከዚያ መንገድ በዛ። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጆርጅ አምስተኛ ሲነግሡ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ለንደን ሄዱ። በ1911 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ደግሞ በደጃዝማች ናደው አባ ወሎ ከተመራው ልዑክ ጋር አሜሪካ ደረሱ። በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞሩ። በመሀሉ የ1909ኙ ሰገሌ አለ። ከኛ ደጋ ያለው ሰው በንጉሥ ሚካኤል በኩል ተሰልፎ ተሸነፈ፤ በቤታችንም ሰገሌ ወርዶ የቀረ ዘመድ ይነሳል። ኅሩይ የቆሙት ግን በአሸናፊው በኩል ነው። ይህን የምለው ቂም ኖሮኝ አይደለም። የተፈሪ ዘመን ሲመጣ ወደ ላይ ከወጡት ሰዎች መካከል መሆናቸው ሳይታወቅ ታሪካቸው አይገባም፤ የሚያውቁት ዓለም ከተማና ቤተ መንግሥት ነበር፣ የወሎ ገበሬ ዓለም አልነበረም።

የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል። የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቋቁመው ጎሐ ጽባሕ አሉት። የሚጽፉትም ከሹመቱ ጎን ለጎን ነው። ወዳጄ ልቤ በ1915 ዓ.ም. ወጣ። በ1925 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ዓለም ደግሞ አወቀ የሚባል ወጣት ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ አገሩ እንዴት አልቀበል እንዳለው የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። የሠርግ ድግስ፣ የተዝካር ወጪ፣ የዘመድ ጉትጎታ... ዛሬ ከውጭ የመጣ የአክስታችሁ ልጅ ቤት ብትሄዱ የምትሰሙት ወሬ ማለት ነው። አወቀ አብዮተኛ አይደለም። ሽማግሌውን ሳያዋርድ፣ ካህኑን ሳያስቀይም ነገሩ እንዲሻሻል ነው የሚፈልገው። ኅሩይም እንዲያው ነበሩ። አገር ሳትፈርስ መለወጥ ትችላለች ብለው ያመኑ ሰው ናቸው፤ ለዚህ እምነት ደግሞ ምሳሌ ያስፈልጋል። ምሳሌው ጃፓን ሆነች።

በዚያ ዘመን የተማረው ሰው ሁሉ ዓይኑ ጃፓን ላይ ነበር። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሃያ ዓመት በፊት ጃፓንን አርአያ አድርጎ ጽፏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ነጭ ያልሆነ ሕዝብ፣ ረጅም የዘውድ ታሪክ ያለው፣ ቅኝ ያልተገዛ፣ በ1905 እ.ኤ.አ. ሩሲያን ያሸነፈ። እኛም ዓድዋ አለን። ልዩነቱ እነሱ ከድሉ በፊትም በኋላም ፋብሪካ መትከላቸው ነው። እነሱ የቻሉትን እኛስ ለምን አንችልም የሚለው ጥያቄ ያን ትውልድ እንቅልፍ ነስቶት ነበር።

ኅዳር 1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቅቁት መነሻ ካደረጓቸው ዋናው የጃፓን የ1889ኙ ሕገ መንግሥት ነው። የተቀዳውንና ያልተቀዳውን ልብ በሉ። የንጉሡ ሥልጣን፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ ሁሉም ከላይ የተሰጠ ስጦታ መሆኑ ተቀድቷል። የጃፓን የታችኛው ምክር ቤት አባላት ግን በምርጫ የሚገቡ ነበሩ፤ መጀመሪያ ድምፅ የሚሰጠው ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ቢሆንም ከ1925 በኋላ ወንድ ሁሉ እንዲመርጥ ተፈቅዷል። የኛዎቹን የሚመርጧቸው መኳንንቱና የአገር ሹሞች ናቸው። ፓርቲ የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም።

እንግዲህ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኅሩይ፣ ከተፈሪ ገብረ ማርያም፣ ከልጅ አርአያ አበበና ከዳባ ብሩ ጋር ሆነው በ1924 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጃፓን የገቡት ይህን ሕገ መንግሥት ባወጣን በአራተኛው ወር ነው። ሰበቡ ምስጋና ነበር፤ ጃፓን ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል መልእክተኛ ልካ ስለነበር ምላሽ መስጠት ይገባል። ዓላማው ግን ማየት ነው። አገሩም በደንብ አስተናገዳቸው። ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ተቀበሏቸው፤ ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤት፣ የጥንት መቅደስ፣ የኦሳካን የጥጥ መፍተያና መሸመኛ አዩ። ወደ ሁለት ወር ገደማ ቆዩ።

አሁን ከእንግዳው ፊት ያለውን መጋረጃ ገለጥ እናድርገው።

ጃፓን በዚያን ጊዜ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ነበሯት፣ ሚንሴይቶና ሴዩካይ። ሴዩካይ ገጠሩን ባቡርና መንገድ እየሰጠ ድምፅ የሚሰበስብ፣ ገንዘብ ማውጣት የማይፈራ ፓርቲ ነው። ሚንሴይቶ ደግሞ ቆጣቢ ነኝ ባይ፣ ከውጭ ጋር መስማማትን የሚመርጥ። ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለቱ እየተፈራረቁ መንግሥት ይመሠርቱ ነበር፤ እስያ ውስጥ ተወዳዳሪ ያልነበረው ነገር ነው። ኅሩይ ሲደርሱ ሥልጣን ላይ ያለው ሚንሴይቶ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋካትሱኪ ሬይጂሮ፣ የውጭ ጉዳዩ ሺዴሃራ ኪጁሮ። ከዋካትሱኪ በፊት የነበሩት ሃማጉቺ ኦሳቺ በኅዳር 1930 ቶኪዮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ በጥይት ተመትተው፣ ለወራት ሲሰቃዩ ቆይተው፣ ኅሩይ ከመድረሳቸው ሦስት ወር ሳይሞላ ሞተዋል።

ኢኮኖሚው ደግሞ በገዛ እጁ ታንቆ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኢኖዌ ጁኖሱኬ በጥር 1930 የጃፓንን ገንዘብ፣ የንን፣ ከወርቅ ጋር በድሮው ከፍተኛ ዋጋ አሰሩት። ጠንካራ ገንዘብ ለጠንካራ አገር ነው ነገሩ። ጊዜው ግን የአሜሪካ ገበያ ከፈረሰ ሦስት ወር እንኳ ያልሞላበት ነበር። የን ተወደደ፤ የጃፓን ዕቃ በውጭ ገዢ አጣ። የጃፓን ገበሬ ከሩዝ ቀጥሎ የሚኖረው ሐር ትል አርብቶ ለአሜሪካ እየሸጠ ነው፤ የሐር ዋጋ ተንኮታኮተ፤ የሩዝም ተከተለ።

ዋጋ መውረድ ለከተማ ልጅ ደስ የሚል ወሬ ይመስላል። እስቲ ወደ ቦረና እናምጣው። አንድ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳ አለበት እንበል፤ ዕዳውን ሲወስድ አራት በግ ቢሸጥ የሚከፈል ነበር። በዓመቱ የበግ ዋጋ በግማሽ ወረደ። ዕዳው ግን አልወረደም፤ በወረቀት የተጻፈ ቁጥር ነው። አሁን ስምንት በግ ያስፈልገዋል። ስምንት በግ ሊሸጥ ወደ ገበያ ሲወጣ ጎረቤቱም ያንኑ ሊያደርግ ወጥቷል፤ ዋጋው ይብስ ይወርዳል። በመጽሐፍ ዲፍሌሽን የሚባለው ይኸው ነው፣ እና ጃፓንን ከ1990ዎቹ በኋላም ያሰቃያት ይኸው በሽታ ነው፤ በዝግታ ሆኖ። በ1930ና 1931 ግን በዝግታ አልነበረም። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ቶሆኩ በሚባለው አገር በ1931 ላይ የሰብል መጥፋት ተጨመረበትና ሴት ልጆቻቸውን ለወረታ የሚሰጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ኅሩይ ከተማውን በመብራት ሲያዩት ገጠሩ እንዲህ ነበር።

መስከረም ላይ እንግሊዝ ወርቁን ለቀቀች። ጃፓንም ልትለቅ ነው ተብሎ ባለገንዘቡ የኑን እየሸጠ ዶላር መግዛት ጀመረ፤ ኅሩይ ቶኪዮ ሳሉ የከተማው ትልቁ ወሬ ይህ ነበር። ሚትሱይ የሚባለው ታላቅ ኩባንያ አገር ሸጠ ተብሎ ተወገዘ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብራችን በገበያ ይወሰን ሲባል፣ ከ57 ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሲያልፍ፣ ከዚያ በፊት በየሻይ ቤቱ ስለ ዶላር የሰማነውን ጉርምርምታ አስታውሱ። የዚያን ጊዜዋም ቶኪዮ እንደዚያ ነበረች።

በዚህ ላይ ጦር ሠራዊቱ አለ። መስከረም 18 ቀን 1931 የጃፓን ሠራዊት በማንቹሪያ ቻይናን ወጋ፤ ካቢኔው ሳያዝ፣ ካቢኔውም ሊያስቆመው ሳይችል። ቻይና ለጄኔቫው የመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ኢትዮጵያ ደግሞ የዚያው ማኅበር አባል ከሆነች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደካማ አገር ከተወረረ ማኅበሩ ይደርስለታል በሚል ተስፋ ነው የገባችው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ አሁን የወራሪዋ አገር የክብር እንግዳ ናቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን ማኅበሩ ነገሩን የሚያጣራ ኮሚሽን እንዲቋቋም ወሰነ። ኮሚሽን! ከአራት ዓመት በኋላ እኛም የምናውቀው ቃል። ጣልያን ማኅበሩ ምን ያህል ጥርስ እንደሌለው የተማረችው ከዚህ ነው፤ ያ ትምህርት ሲሰጥ ኅሩይ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ ማለት ይቻላል።

በማግስቱ የዋካትሱኪ ካቢኔ ፈረሰ። ታኅሣሥ 13 ሴዩካይ ሥልጣን ያዘ፤ ሽማግሌው ኢኑካይ ትሱዮሺ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሌላው ሽማግሌ ታካሃሺ ኮሬኪዮ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ታካሃሺ በተሾሙበት ዕለት የኑን ከወርቅ ፈቱት። ኅሩይ ገና ጃፓን ናቸው! የውል ወዳጅ ሊያደርጉት የመጡት መንግሥት በዓይናቸው ፊት ተለወጠ፤ ሺዴሃራም ከሥልጣን ወረዱ።

ታካሃሺ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኔ ሙያ ነዋ። እኚህ ሰው ኬይንስ ትልቁን መጽሐፉን ከመጻፉ በፊት ኬይንስ ያለውን ያደረጉ ሰው ናቸው። የን እንዲረክስ ተዉት፣ መንግሥት ተበድሮ ገንዘብ እንዲያወጣ አደረጉ፣ ብድሩንም ማዕከላዊ ባንኩ ገዛው። በአንድ ዓመት ውስጥ የን ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ፤ የጃፓን ጨርቅ ዓለምን አጥለቀለቀ፤ አገሪቱ ከብዙዎቹ ኃያላን ቀድማ ከችግሩ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2013 ሺንዞ አቤ የቆመውን ኢኮኖሚ ላንቀሳቅስ ብለው ሲነሱ አርአያ ያደረጉት እኚሁኑ ታካሃሺን ነው።

ያ የረከሰ ጨርቅ እኛም ዘንድ ደርሷል። በዚያን ጊዜ የኛ ገንዘብ ጠገራ ብር ነው፤ የብር ማዕድን በዓለም ገበያ ስለወረደ የጠገራውም አቅም ወርዶ ነበር። ስለዚህ ሸማቹ ርካሽ ይፈልጋል። ድሮ አቡጀዲ ከአሜሪካ ይመጣ ነበር፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ በኛ አቆጣጠር ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው የጥጥ ጨርቅ አብዛኛው የጃፓን ሆነ። አያቴ ስለ አቡጀዲ ስታወራ የጃፓን ፓርቲ ጠብ ውጤት ስለመሆኑ አታውቅም ነበር፤ እኔም ብነግራት አትሰማኝም።

ኅሩይ አገራቸው ተመልሰው የጉዟቸውን መጽሐፍ ጻፉ። ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን ይባላል፤ የብርሃን ማደሪያ እንደማለት። በ1924 ዓ.ም. ታተመ፤ ኋላ ወደ ጃፓንኛም ተተርጉሟል። መንፈሱ አድናቆት ነው። ሁለቱ አገሮች በረጅም የዘውድ ሐረጋቸው እንደሚመሳሰሉ፣ ሳይተዋወቁ በዓለም ሁለት ዳር እንደኖሩ ያሳያል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ከእሳቸው ጋር የምጨቃጨቀው። መጽሐፉ በወጣበት በዚያው በኛ 1924 ዓ.ም. ውስጥ ኢኖዌ በየካቲት ተገደሉ። የሚትሱይ ዋና ኃላፊ ዳን ታኩማ ከአንድ ወር በኋላ ተገደሉ። ግንቦት 7 ወጣት የባሕር ኃይል መኮንኖች ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ገብተው ኢኑካይን ገደሉ፤ በጃፓን የፓርቲ መንግሥት በዚያ ቀን አበቃ። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ ፓርቲ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ካቢኔ አልመሠረተም። የብርሃን ማደሪያ የተባለው ቤት መብራቱ የጠፋው መጽሐፉ በተወለደበት ዓመት ነው።

ታዲያ ኅሩይ ሞኝ ነበሩ? አይመስለኝም። እንግዳ የሚያየው አስተናጋጁ ያሳየውን ነው፤ ይሄ አንዱ ነው። ሌላው ግን የሚፈልጉት ነገር ነው። ኅሩይ ጃፓን የሄዱት ፓርቲ ፍለጋ አይደለም። ንጉሡን ሳይነካ ፋብሪካ የሚያመጣ መንገድ ነው የሚሹት፤ ያንን ደግሞ አገኙት። የፓርቲዎቹ ሞት ለሳቸው ዓይነት ሰው ትልቅ ኪሳራ መስሎ ላይታይ ይችላል፤ እኛም ሕገ መንግሥቱን ስንቀዳ ያስቀረነው ያንኑ ነበርና። ችግሩ፣ በጃፓን ውስጥ ሠራዊቱን በጀት እየከለከለ፣ በምክር ቤት እየጠየቀ ሊይዝ ይችል የነበረው ኃይል እነዚያው የሚናቆሩት ፓርቲዎች መሆናቸው ነው። እነሱ ሲሄዱ ወዳጅነቱንም የሚወስነው ሠራዊቱ ሆነ።

ሂሳቡ ለመምጣት ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ የጋብቻው ወሬ መጣ፤ ልጅ አርአያ ጃፓናዊት ማግባት ፈለገ፣ ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል የመኳንንት ቤት ልጅ ታጨች፣ ጋዜጦች አበዱ፣ በ1926 ዓ.ም. ነገሩ ተሰረዘ። የጣልያን እጅ አለበት ተባለ። ይሄ ፊልም የሚወጣው ታሪክ ነው፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ከባዱ የመጣው በ1927 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። በሮም የጃፓን አምባሳደር ሱጊሙራ ለሙሶሊኒ አገራቸው በኢትዮጵያ የፖለቲካ ፍላጎት እንደሌላት ነገሩት። የጃፓን ሕዝብ ተቆጣ፤ ብዙ ሰው ለኢትዮጵያ አዘነ። ዳባ ብሩ ዳግመኛ ቶኪዮ ድረስ ሄዶ እርዳታ ለመነ። ሕዝቡ አዘነ እንጂ መንግሥት አልረዳም።

የካቲት 18 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አምባ አራዶም ላይ የኛ ጦር በተበተነ በሳምንቱ፣ ቶኪዮ ውስጥ መኮንኖች አመፁ። ታካሃሺን መኝታቸው ላይ ገደሏቸው፤ ኢኮኖሚው ካገገመ በኋላ የሠራዊቱን በጀት ላስታግስ ማለታቸው ነው ጥፋታቸው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በባቡር ጅቡቲ ወረዱ፣ ስደት። በዚያው የፈረንጆች ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ ጃፓንና ጣልያን ተለዋወጡ። ጣልያን በማንቹሪያ የጃፓንን ይዞታ እንዳለ ተቀበለች፣ ጃፓን አዲስ አበባ የነበራትን ሌጋሲዮን ወደ ቆንስላ አወረደች፤ ገዢው ጣልያን ነው ማለቷ ነው። ያ ሌጋሲዮን ከተከፈተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ኅሩይ በቶኪዮ ሳሉ የተነሳው የማንቹሪያ ነገር መጨረሻው የሳቸው አገር ዋጋ ሆኖ ተከፈለ።

በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሚኖሩበት በፌርፊልድ ቤት የቀረውን ዘመናቸውን ገፉ። ሕይወታቸውን ሙሉ የሰበሰቡት ነገር ከኋላ ቀርቷል፤ ሲያሳትሙት የነበረው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በወረራው ተቋረጠ፤ በካምብሪጅ የተማረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በጣልያኖች ተገደለ። አወቀን የፈጠሩት አባት የራሳቸውን አወቀ ቀበሩ ልል ነበር፤ መቅበርም አልቻሉም። መስከረም 1931 ዓ.ም. ላይ፣ በ60 ዓመታቸው፣ እዚያው ባዝ አረፉና በሰው አገር ተቀበሩ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1945 እ.ኤ.አ.፣ የተሸነፈችው ጃፓን በጦርነቱ ያልተነካካ ሰው ፈልጋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሾመች። ኅሩይ ቶኪዮ በገቡ ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሺዴሃራ ናቸው፤ 73 ዓመታቸው ነበር። በእሳቸው ጊዜ ፓርቲዎች እንደገና ተቋቋሙ፣ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ መረጡ። የኅሩይ አፅም ደግሞ ከነፃነት በኋላ ከባዝ ተነስቶ ወደ አገሩ ገባ።